ፍቅሬ ለምን አላዳነውም?

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ባለቤቴ ወታደር ነበር፤ ከግንባር ከተመለሰ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሌሊት እየባነነ ይነሣል። ካፌ ስንገባ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በሩን ካላየ አይቀመጥም። እኔ ደግሞ ከጦርነት ስለተመለሱ ወታደሮች የሚተርኩ፣ ፍቅር ያለባቸው ልብ አንጠልጣይ የትርጉም ልቦለዶችን በስልኬ ማንበብ ጀምሬአለሁ። እዚያ ሴቷ ትታገሣለች፣ ታቅፈዋለች፣ እሱም ምስጢሩን አውጥቶ ይድናል። ያነበብኩትን ሞከርኩ። በጋብቻችን ቀን ሳልነግረው ወደ ዘጌ የሚሄድ ጀልባ ተከራየሁ፤ ሞተሩ ሲነሣ ፊቱ ተለወጠ፣ እስክንመለስም ቃል አልወጣውም። አንድ ሌሊት ሲቃዥ ባቅፈው ክንዴን ጠምዝዞ ጣለኝ፤ ሲነቃ አለቀሰ። አሁን ስልኬን ይፈትሻል፣ የምውልበትን ይከታተላል። በልቦለዶቹ እንዲህ የሚያደርገው ከልቡ የሚወድ ወንድ ነው። የእኔ ፍቅር ነው ያነሰው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ፍቅርሽ አላነሰም፤ የለካሽበት መስፈሪያ ግን ለሌላ ነገር የተሠራ ነው።

መጽሐፎቹን አልነቅፍም። ስለ መባነኑና በር በሩን ስለማየቱ የሚጽፉት እውነት ነው። ነገር ግን የዚህ ዓይነት ልቦለድ የራሱ ደንብ አለው። ጥንዶቹ በመጨረሻ አብረው መሆን አለባቸው፤ አንባቢዋ ይህን ከመጀመሪያው ገጽ ስለምታውቅ በሦስተኛው ምዕራፍ ሲጮህ ብዙም አትደነግጥም። አንቺ ከጎኑ የምትተኚው መጨረሻውን ሳታውቂ ነው። ሁለተኛው ደንብ ይበልጥ ያሳስበኛል፦ በታሪኩ ውስጥ እውነተኛ ገዳይ አለ። የወታደሩ እንቅልፍ ማጣት ይጠቅማል፤ ገዳዩን ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። ሴቷን መከታተሉም ሕይወቷን ያድናል። ገዳዩ ሲያዝ ሕመሙም አብሮት ይሸኛል። ባለቤትሽ በሚቀመጥበት ካፌ ግን በበሩ የሚገባው ማኪያቶ ፈልጎ የመጣ ሰው ነው። አደጋው አልፏል፤ ሰውነቱ ግን ማለፉን አላመነም። እንዲህ ያለ ንቃት ጠላት ሲያጣ ይፈልጋል፣ አንዳንዴም የሚስት ስልክ ውስጥ ያገኘው ይመስለዋል።

ሰውን ሳላይ በደብዳቤ ሕመሙን ልሰይምለት አልችልም። የጻፍሽው ግን የድኅረ አደጋ ጭንቀት ከምንለው ጋር ይቀራረባል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመድፍ ድንጋጤ ይሉት ነበር፤ ብዙዎችም ፈሪ ተብለው ተሰድበውበታል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ሕመሙን ዛሬ በሚታወቅበት ስም በአእምሮ ሕመሞች መመሪያ መጽሐፉ ያሰፈረው በ1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ለዚህም ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮች ጥያቄ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ቅዠቱ፣ የሚያስታውሱ ነገሮችን መሸሹና ድንጉጥነቱ ከአንድ ወር በላይ ከዘለቁና ኑሮን ካወኩ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። እናንተ ዘንድ ሁለት ዓመት ሊሆን ነው።

ጣናን አትውቀሺው። ያስደነገጠው ድንገተኛነቱ ይመስለኛል፤ የሞተር ጩኸት፣ ዙሪያውን ውኃ፣ መውረጃ የለም። በሌላ ጊዜ ከዋዜማው ንገሪው፤ ሲፈልግ ዞሮ መመለስ በሚችልበት በሐይቁ ዳር በእግር ተጓዙ። በሠፈር ሠርግ ካለ፣ ርችት ወይም ተኩስ የሚጠበቅ ከሆነም አስቀድሞ ይወቀው።

ሌሊት ሲቃዥ አትንኪው። ክንድሽን የጠመዘዘው እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ነው፤ ማንን እንደያዘ አላወቀም። ከአልጋው ራቅ ብለሽ መብራት አብሪ፣ በስሙ ጥሪው፣ «ቤትህ ነህ፣ ባሕር ዳር ነህ፣ እኔ ነኝ» በይው። ክፉ ሌሊቶች ሲበዙ ለየብቻ መተኛት ፍቺ አይደለም። ጎረቤት የሚለውን ተይው።

ምስጢሩን ለማውጣት አትቆፍሪ። በልቦለድ አንድ ሌሊት ሙሉ ተናግሮ ጠዋት ሌላ ሰው ይሆናል። በሕክምና ግን ትዝታው የሚነካው ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር፣ በቀጠሮ፣ ጥቂት በጥቂት ነው። ለአንቺ ከነገረሽ ስሚው፤ ካልነገረሽ እምነት ነሣኝ አትበይ።

የስልኩ ጉዳይ ግን የተለየ ነው። ሕመሙ ለምን እንደሚጠራጠር ያስረዳኛል፤ ስልክሽን የመበርበር ፈቃድ ግን አይሰጠውም። በተረጋጋበት ሰዓት፣ በቀን፣ «ስጋትህን ንገረኝ፤ ስልኬን ግን አትፈትሽ» በይው። በልቦለድ ያማረ ነገር ሁሉ ቤት ውስጥ አያምርም።

ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለ። ሕክምናው በአደጋው ትዝታ ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምና፣ አንዳንዴም እንደ ሰርትራሊን ያለ መድኃኒት ነው፤ መድኃኒቱ ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይወስዳል። እምቢ ካለ «እብደትህን ታከም» ሳይሆን «እንቅልፍህን እንጠይቅለት» በይው፤ ብዙ ወታደሮች በዚህ በር ይገባሉ። ጠበል የሚሄድ ከሆነ ይሂድ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ። እንቅልፍ ለማግኘት መጠጥ ከጀመረ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሩት።

አንድ ያልጻፍሽው ነገር አለ፦ ቤት ውስጥ መሣሪያ ይኖር ይሆን? ካለ፣ እሱ ራሱ የሚያምነው ወንድሙ ወይም የጦር ጓደኛው ዘንድ ይቀመጥ፤ በደህና ቀን ተነጋገሩበት። መኖር ታከተኝ ካለ፣ ወይም ነቅቶ ሳለ እጁን ካነሣብሽ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ የዚያኑ ዕለት ዘመድ ጥሪና እሱ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ፤ አንቺም ወደ እናትሽ ወይም ወደ እኅትሽ ቤት ሂጂ።