የጠያቂዎች ዓምድ፦ «የተሳሳተ ይከፍላል» ካልን ወዲህ

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ሆቴል አስተዳድራለሁ። ለጥምቀት አንድ ክፍል ለሁለት እንግዳ ተሰጥቶ ከተዋረድን በኋላ፣ የተሳሳተ ሁሉ ከደመወዙ እንዲቆረጥበት አደረግሁ። አሁን «ተሳሳትሁ» ብሎ የሚመጣ የለም፤ ብርጭቆና አንሶላው ግን እየጎደለ ነው። ቀድሞ ሐሳብ ያፈልቅ የነበረው የሪሴፕሽን ሠራተኛ እንኳ «እርስዎ እንዳሉ» ከማለት በቀር ቃል አይወጣውም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ቅጣቱ የቀነሰው ስህተቱን ሳይሆን ወሬውን ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ በሆስፒታል ጥሩ የሚሠሩት የነርስ ቡድኖች በመድኃኒት አሰጣጥ የሚሳሳቱት ያነሰ ይሆናል ብላ ስትጠብቅ፣ የተመዘገበባቸው ስህተት በልጦ ተገኘ። ምክንያቱን ስትፈትሽ፣ ጥሩዎቹ ቡድኖች አለቃቸውን ስለማይፈሩ ስህተታቸውን ይናገራሉ። ሌሎቹ ይደብቃሉ። የእርስዎም ሠራተኞች «ዝም አይነቅዝም» ብለዋል፤ ሐሳብ ማቅረብም ያው መጋለጥ ስለሆነ አብሮ ቀረ።

መጀመሪያ ሕጉን ያስተካክሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 መሠረት፣ ከደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ሲደገፍ ብቻ ነው። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። በቃል የታዘዘ ቅጣት ካለ ዛሬውኑ ያቁሙት።

ወደ ጥምቀቱ ስንመለስ፣ ጥፋቱ የሰው ላይሆን ይችላል። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19። የእነሱ ዓመት እንደ 2024 ወይም እንደ 2028 ለ4 ሲካፈል ግን 20 ላይ ይውላል፤ ከዚያ በፊት ያለፈችው ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች። አንዱ ሠራተኛ በኛ፣ ሌላው በእነሱ አቆጣጠር በአንድ ደብተር ከጻፉ፣ ለዋዜማው ለከተራ የተያዘው ክፍል ባዶ መስሎ ይታያል። እንግዳ ለመቀበል አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄደው ሾፌርም እንዲሁ ነው፤ የእንግዳው 8 ሰዓት ጠዋት የኛ 2 ሰዓት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ የክፍል ማስያዣ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፣ አጠገቡም የሳምንቱ ቀን ይጨመር። ቀኑ «ማክሰኞ» ተብሎ ካላንደሩ ረቡዕ ካለ፣ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል፤ እንግዳው ሳይመጣ ይያዛል።

ብርጭቆውም ቢሆን የሚሰበረው ሁልጊዜ በዝርክርክነት አይደለም። ከፈላ ውኃ ወጥቶ ወዲያው ቀዝቃዛ ቢራ ሲቀዳበት ይሰነጠቃል፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ተደራርቦ ሲቀመጥ ይጣበቅና ሲላቀቅ ይሰበራል። ብርጭቆው ሳይደራረብ የሚበርድበት መደርደሪያ ማቆም ከቅጣት ይረክሳል። አንሶላ ደግሞ ወደ እጥበት ሲሄድና ሲመለስ፣ በሰጪና በተቀባይ ፊት ተቆጥሮ ይፈረምበት።

ከዚያ ሪሴፕሽን ላይ አንድ ደብተር ያስቀምጡ። አራት ዓምድ ይበቃዋል፦ ምን ሆነ፣ መቼ ታወቀ፣ በምን ምክንያት፣ ምን ተቀየረ። የሰው ስም አይጻፍበት። ሽፍት ሲቀያየር ለአምስት ደቂቃ ይነበብ። ብቻ ይህን ስብሰባ «ግምገማ» ብለው እንዳይጠሩት፤ በዚህ አገር ቃሉን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ራሱን መከላከል ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ደብተሩ ባዶ ይሆናል። የራስዎን ስህተት መጀመሪያ እርስዎ ይጻፉ፤ የተሳሳተ ሒሳብም ይሁን ረስተው ያልደወሉለት እንግዳ። አንድ ሰው ሲነግርዎ «ማን ነው?» ሳይሆን «አሁን ምን እናድን?» ይበሉ። ደብተሩን አንድ ጊዜ ለቅጣት ማስረጃ ካደረጉት አበቃለት፣ ሁለተኛ የሚጽፍበት አያገኙም። «ስህተት ላልሠራ ጉርሻ» የሚባለውም እንዳያስትዎ፤ መደበቅን በገንዘብ መግዛት ነው።

ይህ ማለት ሁሉም ይታለፋል ማለት አይደለም። ገንዘብ ያጎደለ፣ ሰክሮ የገባ፣ ወይም እያወቀ የደበቀ በሥራ ደንቡ ይጠየቅ። ሠራተኞቹ መስመሩ የት እንዳለ በጽሑፍ ካወቁት፣ ከዚያ ወዲህ ባለው አይፈሩም።

ጥያቄ፦ ማራኪ አካባቢ ዕቃ መጋዘን ከተቀጠርሁ አንድ ወር ተኩል ሆነኝ። የ12 ካርቶን ዘይት ገቢ 21 ብዬ መዘገብሁ። ማንም አላወቀም። ልናገር ወይስ በቆጠራ ጊዜ ላስተካክለው?

መልስ፦ ዛሬ ተናገሪ፤ በቆጠራ ሲገኝ 9 ካርቶን የጎደለ ሌብነት ይመስላል። የሙከራ ጊዜሽ (በሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀን) ገና ስላላለቀ መፍራትሽ ያስታውቃል። ነገር ግን ያኔ የሚያስባርርሽ ቁጥሩ ሳይሆን ዝምታሽ ነው። አለቃሽን ለብቻው አግኝተሽ የአቅራቢውን ደረሰኝ ይዘሽ ግቢ፦ «ጋሼ፣ ትናንት 12 የገባውን 21 ብዬ ጽፌያለሁ፤ ደረሰኙ ይኸው፤ ማስተካከያውን ይፈርሙልኝ»። ይቅርታው አንድ ጊዜ ይበቃል። አሮጌውን ቁጥር በማጥፊያ አትንኪው፣ በአንድ መስመር ሰርዘሽ ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፊና ሁለታችሁም ፈርሙበት።