«መርማሪዋ ጠየቁ» ወይስ «መርማሪዋ ጠየቀች»?

ጥያቄ፦ ስለ ደራሲዋ አጋታ ክሪስቲ ገጸ ባሕርይ ስለ መርማሪዋ ሚስ ማርፕል የተሠራ አንድ የቆየ ፊልም ታሪክ በአማርኛ አሳጥሬ እየጻፍኩ ነው። ባለታሪኳ አረጋዊት በመሆናቸው «ጠየቁ»፣ «ጠረጠሩ» እያልኩ ብጀምርም፣ ጥቂት አንቀጽ ሳልሄድ ሴትነታቸው ከጽሑፉ ጠፋብኝ። «ጠየቀች» ስል ደግሞ ትልቅ ሰው ያቃለልኩ መሰለኝ። «ወይዘሪት ማርፕል» ብል ይሻል ይሆን?

መልስ፦ ችግሩ የመጣው ከራሱ ከአማርኛ የአክብሮት ሥርዓት ነው። «እሱ»ና «እሷ» ጾታ ይለያሉ፤ «እሳቸው» ግን ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ ግሱም «ጠየቁ» ሲሆን የጾታ ምልክቱን ይጥላል። መፍትሔውን ጋዜጦቻችን በየዕለቱ ይጠቀሙበታል፦ «ሚኒስትሯ ገለጹ»፣ «ፕሬዚዳንቷ ተናገሩ» ሲሉ ስሙ ጾታን፣ ግሱ አክብሮትን ይሸከማል። ስለዚህ «መርማሪዋ ጠየቁ» ወይም «አረጋዊቷ ጠረጠሩ» ማለት ፍጹም ትክክል ነው፤ በየአንቀጹ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ስም ካስገቡ ሴትነታቸው አይጠፋም። «መርማሪት» የሚል ቃል መፍጠር አያስፈልግም፤ «መርማሪ» እንደ «ተማሪ»ና «ጸሐፊ» ለሁለቱም ጾታ ያገለግላል።

«ወይዘሪት» በትርጉም ደረጃ አይሳሳትም፤ ሚስ ማርፕል ባል አላገቡም። ሆኖም የአማርኛ ጆሮ «ወይዘሪት» ሲባል ወጣት ሴት ስለሚታየው፣ «ሚስ»ን እንዳለ ቢተዉት ይሻላል።

እኔ ለትረካው «ጠየቁ»ን የምመርጠው ከጨዋነት ብቻ አይደለም፤ የገጸ ባሕርይዋ ቀልድ ራሱ ያረፈው ሰው ሁሉ ዕድሜያቸውን እያከበረ ቃላቸውን በመናቁ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣውና ማርጋሬት ራዘርፎርድ በተወነችበት ፊልም፣ ሚስ ማርፕል በባቡር ሲጓዙ ጎን ለጎን በሚያልፍ ሌላ ባቡር ውስጥ አንዲት ሴት ስትታነቅ በመስኮት ያያሉ፤ የሚያምናቸው ግን አያገኙም። ቲኬት ተቆጣጣሪው በአማርኛ ቢናገር «እማማ፣ እንቅልፍ ወስዶዎት ይሆናል» የሚል ይመስለኛል፤ ማክበሩም ማናናቁም እዚያው ውስጥ ነው። ወጣቷ መርማሪ ናንሲ ድሩ ብትሆን ኖሮ ግን «ጠየቀች» ከማለት ሌላ ምርጫ አይኖርም ነበር።

ከትረካው ይልቅ ንግግሩ ያስቸግርዎታል። በዚሁ ፊልም ሚስ ማርፕል አስከሬኑን ለመፈለግ ሲሉ በአንድ ትልቅ ቤት በገረድነት ይቀጠራሉ፤ ያን ጊዜ ግልፍተኛው አዛውንት ጌታ «አንቺ» ብሎ ሲያዝዛቸው፣ ተራኪው ደግሞ በዚያው ዓረፍተ ነገር «እሳቸው» ቢል ምንም አይጋጭም፤ እንዲያውም አንባቢው ጌታው የማያውቀውን እንደሚያውቅ ይሰማዋል። መጨረሻ ላይ ይኸው ሰው ለጋብቻ ሲጠይቃቸው «እርስዎ» ቢያስብሉት፣ እንግሊዝኛው በተውላጠ ስም ሊያሳይ የማይችለውን ለውጥ አሳዩ ማለት ነው።

የአማርኛ ግስ ጾታ መለየቱ የሚጠቅምበትም ጊዜ አለ። አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1943 ባወጣው «ሻዶው ኦቭ ኤ ዳውት» ፊልም አጎቱም የእህቱም ልጅ ስማቸው ቻርሊ ነው። «ቻርሊ ቀለበት ሰጣት፤ ቻርሊ ግን በውስጡ የሌላ ሰው ስም መነሻ ፊደላት ተቀርጸው አየች» ብንል ማን ምን እንዳደረገ ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይገባል። አጎቱን «እሳቸው» ማለት ግን አልመክርም፤ መበለቶችን የሚገድል ሰው ነውና ተራኪው ሊያከብረው አይገባም።

አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ ጥፋተኛው ከመታወቁ በፊት «ገዳይዋ» ካሉ ታሪኩ እዚያው አለቀ፤ «ገዳዩ» እያሉ ከደጋገሙ ደግሞ አንባቢው ሴቶቹን ሁሉ ከጥርጣሬ ያወጣል። ምስጢሩ እስኪገለጥ ድረስ «ግድያው የተፈጸመው» እያሉ ድርጊቱን ባለቤት ያድርጉት።