የዋናተኛው ሸርጣን ነገር፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ጎንደር ለተማሪዎቼ የአንድ ትንሽ የባሕር ሸርጣን ፎቶ አሳየሁ። ሊዮካርሲነስ ዴፑራቶር ይባላል፤ በ1758 እ.ኤ.አ. ስም ያወጣለት ሊኒየስ የተባለው የስዊድን ሳይንቲስት ነው። ከዚያ ወዲህ ወላጅም ጎረቤትም ይጠይቀኛል። የቻልኩትን ልመልስ።

ጋሼ፣ ጎርጎራ ከምናየው ሸርጣን በምን ይለያል?

የመጨረሻዎቹን ሁለት እግሮች እይ። የጣናው እግሮች ሁሉም ጫፋቸው ሹል ነው፤ ለመራመድ ነው የተሠሩት። የዚህኛው የኋላ እግር ግን ጫፉ ጠፍጣፋና ሞላላ ነው፣ ዳር ዳሩን ፀጉር አለው፣ ቀለሙም ወደ ሐምራዊ ያደላል። መቅዘፊያው እሱ ነው። በጥምቀት ፋሲል መዋኛ ዘለህ ገብተህ ከሆነ ይገባሃል፤ ጣቶችህን ገጥመህ ስትቀዝፍ ነው ወደፊት የምትሄደው። ሸርጣኑም በዚያ ጠፍጣፋ ጫፍ ውሃውን እየገፋ ወደ ጎን ይፈተለካል።

መጠኑስ?

የጀርባው ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መዳፍ ላይ ይቀመጣል።

ቀይ ባሕር አለ?

ይኼኛው የለም። አገሩ ከኖርዌይ እስከ ምዕራብ አፍሪካ ያለው የአትላንቲክ ዳርቻና ሜዲትራኒያን ነው። ቀይ ባሕር ውስጥ ያለው በጣም የሚተልቅ ዘመዱ ነው። የስዊዝ ቦይ በ1869 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ በኋላ ያ ዘመዱ በቦዩ አልፎ ሜዲትራኒያን ገብቷል።

አምጥተን ጣና ብንለቀው ይራባል?

አይራባም፣ ይሞታል። ሰውነቱ የለመደው ጨዋማ ውሃ ነው። ጨው የሌለው ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃው ወደ ውስጡ ይሰርጋል፣ ጨዉም ያልቅበታል። ልጆቹም ቢሆኑ መጀመሪያ እንደ ሸርጣን አይደሉም፤ በዓይን በጭንቅ የሚለዩ እጮች ሆነው ባሕር ላይ ይንሳፈፋሉ። የጣናው ግን ከእንቁላሉ ትንሽ ሸርጣን ሆኖ ነው የሚወጣው። ደግሞ አደራ፣ የሚኖርም ቢሆን እንግዳ ነገር ሐይቃችን ውስጥ አትልቀቁ። እምቦጭ ያደረገንን አይተናል።

ይበላል?

ሥጋው ትንሽ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ እንስሳ አይበላም።

ልብሱ ድንጋይ ሆኖ እንዴት ያድጋል?

ይኼን ጥያቄ ያመጣችው የሰባተኛ ክፍል ልጅ ናት፣ ተባረኪ! አዎ፣ ልብሱ አብሮት አያድግም። ስለዚህ ያወልቀዋል። ከሥር አዲስ ስስ ልብስ ያዘጋጃል፣ አሮጌው ከኋላ በኩል ይሰነጠቃል፣ እሱም የኋሊት እየተጎተተ ይወጣል። እግሩን፣ መቆንጠጫውን፣ የዓይኑን ሽፋን ሳይቀር ትቶት ነው የሚወጣው። ወዲያው ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ አዲሱ ልብስ ሳይደርቅ መስፋት አለበት። እስኪጠነክር ድረስ ለስላሳ ነው፣ ያገኘው ሁሉ ይበላዋል። ሴቷ ከወንዱ ጋር የምትገናኘውም በዚህ ሰዓት ነው። ወንዱ ቀድሞ ያውቃል፤ ልብሷን እስክታወልቅ ድረስ ከሥሩ አቅፎ ይዟት ይዞራል።