ሲሞቅ አልነሳ የሚል አርኤክስ 8 ልግዛ?

ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ አንድ ወጣት ጽፎልኛል። የ2005 ማዝዳ አርኤክስ 8 አግኝቷል። ባለ 6 ማርሽ ማንዋል ናት፤ 92 ሺህ ማይል ሄዳለች፤ ዋጋዋ 3,200 ዶላር። ጠዋት ሄዶ ሲያያት ቁልፉን ገና ሲያዞር ተነሳች። ሃያ ደቂቃ ያህል ነድቷት ነዳጅ ማደያ ጋ አጠፋት። መልሶ ሊያስነሳት ሲል ግን ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ብዙ ዞረ፤ የተነሳችው በሦስተኛው ሙከራ ነው። ሻጩ «ባትሪው ደክሞ ነው። ሞተሪኖውን ባለፈው ወር ነው የቀየርኩት፤ ቦቢናውም ካንዴላውም አዲስ ነው» አለው። (ካንዴላ ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚያፈነጥቀው ነው፤ ቦቢና ለእሱ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው።) ልጁ መኪናዋን ወዷታል። በየቀኑ ሥራ ሊሄድባት ነው፤ ሌላ መኪና የለውም።

ወንድሜ፣ ባትሪ አይመስለኝም። የደከመ ባትሪ የሚያስቸግረው ጠዋት በብርድ ነው። ያንተዋ ጠዋት እሺ ብላ ሞቃ ነው እምቢ ያለችው። ቀዝቅዞ በአንዴ የሚነሳ፣ ሲሞቅ የሚያስለምን ሮታሪ ሞተር፣ የአርኤክስ 8 ሞተር ዓይነት ማለት ነው፣ ኮምፕሬሽኑ (አየሩን የመጨመቅ ኃይሉ) እያለቀ ነው። መኪናዋን በዓይኔ አላየኋትም፤ ግን ከዚህ በታች የምልህ ሁሉ ከዚህ ጥርጣሬ የሚነሳ ነው።

የሞተሪኖው መቀየር ደግሞ ጥርጣሬዬን አብሶታል። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ፤ ይህን በደንብ ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ሮታሪ ሞተር ፒስተንም ቫልቭም የለውም። በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ማዕዘን ያለው፣ ጎን ጎኑ ትንሽ ያበጠ ብረት ይዞራል። ሳምቡሳ አስብ። አርኤክስ 8 ሁለት ሳምቡሳ አላት፤ ሁለቱ ተደምረው 1.3 ሊትር ናቸው። የእያንዳንዱ ሳምቡሳ ሦስት ጎኖች በየተራ ይስባሉ፣ ይጨምቃሉ፣ ያቃጥላሉ፣ ጭሱን ያስወጣሉ። በየማዕዘኑ ጫፍ ላይ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት ስስ ብረት ተሰክታለች። ከኋላዋ ስፕሪንግ እየገፋት የቤቱን ግድግዳ እየላሰች ትዞራለች። በተራ ሞተር የፒስተን ፋሻ የሚሠራውን የማሸግ ሥራ የምትሠራው እሷ ናት። የፒስተን ፋሻ ግን ከታች ዘይት ይረጭለታል። ይህቺ የምታገኘው አንድ ትንሽ ፓምፕ ጠብ ጠብ የሚያደርግላትን ብቻ ነው። ማዝዳ በ1960ዎቹ ይህን ሞተር ሲሞክር እነዚህ ጫፎች ግድግዳውን እየቧጨሩ መስመር በመስመር ያደርጉት ነበር። መሐንዲሶቹ ጭረቱን «የሰይጣን ጥፍር» ብለው ነበር የሚጠሩት።

ጫፏ ስትበላ ክፍተት ይፈጠራል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ ያንን ክፍተት ይደፍነዋል፤ ሞተሩ ይነሳል። ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥንና የተጨመቀው አየር ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ያፈተልካል። ሞተሪኖ ቀስ ብሎ ሲያዞር ደግሞ አየሩ ለማምለጥ በቂ ጊዜ አለው። አንዴ ከተነሳ በኋላ ፍጥነቱ ስለሚጨምር አየሩ ማምለጫ ጊዜ ያጣል። ለዚህ ነው በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር ድረስ ደስ እያለች ሄዳ፣ አጥፍተሃት ስትመለስ የምታኮርፈው። ፈጣን ሞተሪኖም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ቶሎ ቶሎ አዙሮ የደከመውን ኮምፕሬሽን ይሸፍናል። ማዝዳ ራሱ ለዚህች መኪና በኋላ ፈጣን ሞተሪኖ አውጥቷል፤ ስለዚህ መቀየሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ያንተዋ ግን አዲስ ሞተሪኖ ተገጥሞላትም ሞቃ አልነሳ ካለች፣ የሚሸፈነው አልቋል ማለት ነው።

መኪና ስንገዛ ሁላችንም የለመድነው ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ ማግኘት ነው። እዚህ ሁለቱንም ትፈልጋለህ። ቀዝቅዛ አስነሳት፤ ከዚያ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ንዳት። አጥፋት፣ አሥር ደቂቃ ጠብቅ፣ አስነሳ። ደህና ሞተር ሁለት ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ይይዛል። ደግመህ ሞክር።

የመሣሪያ ሰው ከሆንክ፣ ሻጩን አስፈቅደህ አንድ ነገር በጆሮህ ስማ። የዚህች መኪና ካንዴላዎች ያሉት በሾፌሩ በኩል ነው፤ የፊት ግራ ጎማውን ስታወጣ ታገኛቸዋለህ። እዚህ ላይ ስማኝ፤ በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር እጅህንም ራስህንም አታስገባ። ጠንካራ የብረት መቆሚያ ከሥሯ አድርግ፣ የኋላ ጎማዎቹ እንዳይንከባለሉ ታኮ አድርግባቸው፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብ። ከዚያ የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ አውጣ፤ የቦቢናዎቹን ሶኬት ንቀል። ከእያንዳንዱ ሳምቡሳ አንድ አንድ ካንዴላ ፍታ። አንዱን ስታዳምጥ የሌላውን ቀዳዳ በካንዴላው መልሰህ ዝጋ። ጓደኛህ የቤንዚን ፔዳሉን እስከ ወለል ረግጦ በሞተሪኖ ያዙር። ጤነኛ ከሆነ እኩል ነው የሚተነፍሰው፦ ፉስ፣ ፉስ፣ ፉስ። አንዱ ጎን ከሞተ ፉስ፣ ፉስ፣ ዝም። ፉስ፣ ፉስ፣ ዝም። አንዴ ከሰማኸው አትረሳውም።

ይህ ማጣሪያ ነው፤ ገንዘብ የምትከፍለው በቁጥር ነው። ተራ ኮምፕሬሽን መለኪያ እዚህ ይዋሻል። ውስጡ ያለው ቫልቭ ከፍተኛውን ቁጥር ይዞ ስለሚቀር ሦስቱ ጎኖች ውስጥ አንዱ ደህና ከሆነ የሞቱትን ሁለቱን ይደብቃል። ለሮታሪ የተሠራ መለኪያ ያለው ጋራዥ ውሰዳት፤ የሚለካውም ሞተሩ ሙቅ ሆኖ ነው። በደቂቃ በ250 ዙር ሲሰላ አዲስ ሞተር 8.5 ኪሎ በካሬ ሴንቲሜትር፣ ማለትም 120 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ገደማ አለው። የፋብሪካው ዝቅተኛ ልክ 6.9 ነው፤ ወደ 100 ፒኤስአይ። በአንዱ ሳምቡሳ ሦስት ጎኖች መካከል ያለው ልዩነት ከ1.5 ኪሎ መብለጥ የለበትም።

አንተ ያለኸው ደግሞ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቁጥሩ በባሕር ጠለል ላይ ካለው ወደ 17 በመቶ ይቀንሳል። ጋራዡ ይህን አስልቶ ይስጥህ። ሻጭ ግን «ከፍታው ነው» ብሎ እንዳያታልልህ። ከፍታ ሦስቱንም ጎን እኩል ነው የሚቀንሰው። አንዱ ብቻ ከወረደ ጥፋቱ የሞተሩ ነው።

አሁን ወደ «አዲሱ» ቦቢናና ካንዴላ። ደረሰኙን ጠይቅ። ርካሽ ቦቢና ይህችን መኪና ይገድላታል፤ ስንቱን አይቻለሁ። አንዷ ጋራዤ ስትመጣ አራቱም ቦቢናዎች ስም የሌላቸው ነበሩ፤ አንዱን ስነካው ፕላስቲኩ እጄ ላይ ተሰነጠቀ። ካንዴላዎቹም አራቱም አንድ ዓይነት ነበሩ። የታችኛውና የላይኛው ካንዴላ የተለያዩ መሆናቸውን የገጠማቸው ሰው አላወቀም። ቦቢና ሲደክም ያልተቃጠለ ቤንዚን ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ውስጥ ገብቶ ይነድዳል። ካታሊቲኩ ቀልጦ ይደፈናል፣ ሙቀቱ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፣ ማሸጊያዎቹ ያልቃሉ። መቶ ዶላር ለማትረፍ ተብሎ ሞተር ይወርዳል። ይህ በጣም ያናድደኛል።

ለማየት ጎማውን ስታወጣ፣ አሁንም እላለሁ፣ በክሪክ ብቻ እንዳትተማመን። ክሪክ ሲንሸራተት አይቻለሁ፤ ድምፅ እንኳ አይሰጥም።

የራዲያተሩን ውሃ ለማየት ክዳኑን ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ክፈት። ከዚያ ስታስነሳት ውሃው ውስጥ አረፋ የማያቋርጥ ከሆነ የውስጥ የውሃ ማሸጊያው ሄዷል፤ ትተሃት ሂድ። ማዝዳ ለ2004 እስከ 2008 ሞዴሎች የሞተሩን ዋስትና ወደ 8 ዓመት ወይም 100 ሺህ ማይል አራዝሞ ነበር። ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ ግን በዚያ ዋስትና ሞተሯ ተቀይሮ ከሆነ ወረቀት ይኖራል። ጠይቅ።

ምክሬ ይህ ነው። ቁጥሩ ከልክ በታች ከመጣ ሞተር የሌላት መኪና እንደምትገዛ ቁጠር፤ ሞተር ማደስ ከ3,200 ዶላር በላይ ሊወስድብህ ይችላል። ቁጥሩ ጥሩ ቢመጣ እንኳ ብቸኛ መኪናህ አታድርጋት። ቤንዚን በጋሎን 18 ማይል ያህል ነው የምታስሄድህ፣ ዘይት በየሁለተኛው የነዳጅ መሙያ ታያለህ፣ ቀዝቅዛ አስነስተህ ሁለት ሜትር አንቀሳቅሰህ ካጠፋሃት በቤንዚን ትታፈናለች። ያ ከደረሰብህ ፔዳሉን እስከ ወለል ረግጠህ አዙራት፤ ቤንዚኑን ራሷ ትቆርጣለች። መጀመሪያ ለሥራ የምታደርስህ ተራ መኪና ይኑርህ። እሷን ለእሑድ።

ከጋራዡ ስትወጣ ወረቀቱ ላይ ስድስት ቁጥር መኖር አለበት፤ ለእያንዳንዱ ሳምቡሳ ሦስት ሦስት። ሁለት ቁጥር ብቻ ጽፈው ከሰጡህ በተራ መለኪያ ነው የለኩት። እንዲደግሙት ጠይቅ፤ ስድስቱን ላክልኝና አብረን እናያለን።