«ክረምት ሲገባ ባሌ ሌላ ሰው ይሆንብኛል»

ጥያቄ፦ የምንኖረው ድሬዳዋ ነው። ከተጋባን ስድስት ዓመታችን ነው፤ የአራት ዓመት ልጅ አለን። ባለቤቴ በበጋ ደህና ሰው ነው። ክረምት ሲገባ ግን በትንሽ በትልቁ ይቆጣል፣ ያኮርፋል፣ በረንዳ ላይ ቆሞ ወደ ደንገጎ ተራራ ያያል። ሌሊት ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛል። በ1998ቱ ጎርፍ ታናሽ እህቱ ከእጁ አምልጣ እንደተወሰደችበት የነገረችኝ አክስቱ ናት። ያኔ 11 ዓመቱ ነበር። እሱ አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም። ሰልችቼው ይሆን? አማካሪ ጋ ውሰጂው ይሉኛል፤ የዳነ ቁስል መነካካት አይሆንም?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ጫማው የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ሚስቱ የሰለቸችው ሰው ጫማ አድርጎ አይተኛም። ባለቤትሽ ለመሮጥ ተዘጋጅቶ ነው የሚተኛው። ምናልባትም አንቺንና ልጁን ይዞ ለመሮጥ።

ያ ጎርፍ የመጣው ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት ነው። ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። የደቻቱን ወንዝ ታውቂዋለሽ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ዝናቡ የሚጥለው ደጋው ላይ ነው፣ ውሃው ግን ድሬ ይወርዳል። ለዚህ ነው ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ተራራውን እያየ የሚጨነቀው። ላንቺ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ለእሱ ያ ሌሊት ገና አልነጋም። ደመና ሲያይ፣ ቆርቆሮው ሲንኳኳ ልቡ ይመታል፣ ሰውነቱ ይወጠራል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል። ያ ውጥረት ቁጣ ሆኖ ቅርቡ ባለ ሰው ላይ ይወጣል። ጩኸቱን ቻይው ማለቴ ግን አይደለም። ከየት እንደመጣ ማወቅ ሌላ፣ በደልን መቀበል ሌላ።

ቁስሉ ድኖ ቢሆን ኖሮ እኔም አትነካኪው እልሽ ነበር። ግን ከላይ የሻረ መስሎ ከሥር አመርቅዟል። ጥሩ አማካሪ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን «በል ንገረኝ» አይልም። መጀመሪያ እንቅልፉን ያስተካክልለታል፣ ድንጋጤው ሲመጣ አተነፋፈሱን አረጋግቶ እንዴት እንደሚያሳልፈው ያለማምደዋል። ስለዚያ ሌሊት የሚያወሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱ ፈቅዶ፣ ቀስ በቀስ። ብዙ ጊዜ በሳምንት አንዴ ሆኖ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይወስዳል።

ከሁሉ በላይ የማስበው ስለዚያ የ11 ዓመት ልጅ ነው። «እጇን አጥብቄ ብይዛት ኖሮ» እያለ ያደገ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ጸጸት በዝምታ ውስጥ ይወፍራል። አማካሪው አብሮት ይመረምረዋል፦ ውሃው ምን ያህል ኃይል ነበረው? ጨለማው? የአንድ ሕፃን ክንድስ ምን ያህል ይችላል? ባለቤትሽ ዛሬ በትልቅ ሰው ዓይን ያንን ልጅ ሲያየው ፍርዱ ይለወጣል። ይህ ሲሆን ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ አልቅሰው ሲጨርሱ ትከሻቸው ይወርዳል።

ወሬውን በክረምት አታንሺው። በበጋ፣ ከሰዓት አለፍ ብሎ ነፋሱ ሲነፍስ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ይሁን። «ታመሃል» አትበይው። «ዝናብ ሲመጣ ስትቸገር አያለሁ፣ አብሬህ ልሂድ» በይው። ድል ጮራ ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሄዳችሁ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ጸበሉም ዱዓውም ከምክሩ ጋር አይጣላም። በክረምት በርጫ የሚያበዛ ከሆነ ለባለሙያው ይንገር፤ ጫት እንቅልፍ ይነሳል፣ ጭንቀትም ያባብሳል። እጁን ካነሳብሽ ግን ልጅሽን ይዘሽ ወደ ቤተሰብ ሂጂ። መሞትን ካወራ ብቻውን አትተይው፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰጂው።

ለልጃችሁም «አባባ ዝናብ ያስፈራዋል፣ አንተ አላስቀየምከውም» በይው። ሕፃን ልጅ የአባቱን ዝምታ በራሱ ያሳብባል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የእህቱን ስም ታውቂዋለሽ? ደብዳቤሽ ላይ አላየሁትም። አንድ ቀን ቀለል ሲለው ስለ ጎርፉ ሳታነሺ ስለ እሷ ጠይቂው። ማን ትባል ነበር? ምን ያስቃት ነበር? ካልመለሰልሽ ተይው፣ ቡናሽን ቅጂለት።