የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለቤት ሰርቨር የዲስክ መቆጣጠሪያ ካርድ መምረጥ

ጥያቄ

ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ሰላምታዬ በያሉበት ይድረስዎ። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ሲሆን፣ አባቴ ለብዙ ዓመታት ፒያሳ ላይ ፎቶ ቤት ነበራቸው። እሳቸው ትተውልን የሄዱትን ኔጋቲቭ፣ የሠርግ ቪዲዮና የድምፅ ካሴት አንድ በአንድ ወደ ዲጂታል እየቀየርሁ፣ ካገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር በሠራሁት የቤት ሰርቨር ላይ አስቀምጣለሁ። ሰርቨሩ የሚሠራው በሊኑክስ ሥርዓተ ክወናና ፋይሎቹን በዲስኮቹ ላይ በሚያደራጀው በዜድኤፍኤስ ነው። በውስጡ ያሉት ባለ 4 ቴራባይት 4 ሃርድ ዲስኮች ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ የሌላውን ቅጂ ይይዛል። ሃርድ ዲስክ የሚሰካባቸው የማዘርቦርዱ አራት የሳታ ወደቦች በእነዚህ ሞልተዋል። አሁን አራት ዲስክ መጨመር እፈልጋለሁ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሌላ ሁለት ወይም ሦስት ሳያስፈልገኝ አይቀርም። ገበያ ወጥቼ ስጠይቅ ሦስት ካርዶች ቀረቡልኝ። አንደኛው በማዘርቦርዱ ትንሿ ስሎት (የካርድ መሰኪያ) ላይ የሚሰካ ባለ አሥር ወደብ ርካሽ ካርድ ነው። ሁለተኛው ኤኤስኤም1166 የሚባል ቺፕ ያለው አዲስ ባለ ስድስት ወደብ ካርድ ነው። ሦስተኛው ከሰርቨር ላይ የተፈታ ያገለገለ ኤልኤስአይ 9207-8አይ ሲሆን ሻጩ «ሬይድ ካርድ» ይለዋል። ትልቁ ስሎት ባዶ ነው። የትኛውን ልግዛ?

ከአራት ኪሎ

መልስ

ሦስተኛውን ይግዙ እላለሁ። ይሁን እንጂ ከካርዱ ስም ይልቅ የምርጫው ምክንያት ይበልጥ ይጠቅምዎታል፤ ምክንያቱን ካወቁ ያ ካርድ ተሽጦ ቢጠብቅዎት እንኳ ሌላ ተመጣጣኝ ካርድ በራስዎ መለየት ይችላሉና።

ዜድኤፍኤስ በዲስክ ላይ የሚጽፈውን እያንዳንዱን የመረጃ ክፍል በማረጋገጫ ቁጥር አስደግፎ ያስቀምጣል። መልሶ ሲያነበው ቁጥሩ ካልተስማማ ጥንዱ ዲስክ ላይ ካለው ደህና ቅጂ የተበላሸውን ይጠግናል። ይህንን ሥራ በትክክል ሊሠራ የሚችለው ከዲስኩ ጋር ያለ ሸምጋይ ሲገናኝ ነው። እውነተኛ ሬይድ ካርድ፣ ማለትም ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ የሚያቀርብ ካርድ፣ ግን በመሃል ገብቶ ዲስኮቹን በራሱ ሥርዓት ያቀናጃል፣ የተጻፈውን በራሱ ማኅደረ ትውስታ ለጊዜው ያቆያል፣ የዲስኩን የጤና መረጃም ብዙ ጊዜ ይሸፍናል። እንዲህ ያለው ካርድ አንድ ቀን ቢቃጠል ዲስኮችዎ ደህና ሆነው ሳለ የሚያነብልዎት ተመሳሳይ ካርድ ፍለጋ ከተማውን መዞርዎ ነው። ስለዚህ ለእርስዎ ጥሩ ካርድ የሚባለው ብልሃት የበዛበት ካርድ ሳይሆን፣ እያንዳንዱን ዲስክ ከነስሙና ከነመለያ ቁጥሩ ለሊኑክስ አስረክቦ ዞር የሚል ካርድ ነው። ሻጩ «ሬይድ ካርድ» ቢለውም 9207-8አይ ሲመረትም ለዚሁ ለማስረከብ ሥራ የታሰበ ነው።

ባለ አሥር ወደቡን ርካሽ ካርድ ይተዉት። ትንሿ ስሎት ከማዘርቦርዱ ጋር የምትገናኘው በአንድ ሌን፣ ማለትም በአንድ የመረጃ መተላለፊያ መስመር ብቻ ነው። አንድ ሌን ፒሲአይ ኤክስፕረስ በተባለው የስሎቶቹ ደረጃ ሁለተኛ ትውልድ በሰከንድ 500 ሜጋባይት ያህል፣ በሦስተኛው ትውልድ ደግሞ 985 ሜጋባይት ያህል ያሳልፋል፤ በተግባር የሚገኘው ከዚህም ያንሳል። በዚያች አንዲት መንገድ ላይ አሥር ዲስክ ሲሰለፍ ለእያንዳንዱ የሚደርሰውን ማስላት አያስቸግርም። በዕለት ተዕለት አጠቃቀም ችግሩ ላይታይዎት ይችላል፤ የቤትዎ ኔትወርክ አንድ ጊጋቢት ከሆነ በሰከንድ ከ115 ሜጋባይት ብዙም አያልፍምና። ጉዳቱ የሚታወቀው አንድ ዲስክ ሞቶ አዲሱ ከጥንዱ ላይ መቅዳት ሲጀምር፣ ወይም ዜድኤፍኤስ ሁሉንም ዲስኮች በአንድ ጊዜ ሲፈትሽ ነው። ሙሉ ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ፍጥነት በሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ተነብቦ ያልቃል፤ በ50 ሜጋባይት ግን 22 ሰዓት ይፈጃል። መብራት በማንኛውም ሰዓት ሊሄድ በሚችልበት ቤት ውስጥ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ የአባትዎ ሥራ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ የሚቆይበት ጊዜ ነውና። ከዚህም ሌላ ወደባቸው የበዛ ርካሽ ካርዶች ብዙ ጊዜ አንዱን ወደብ ለብዙ ዲስክ የሚያከፋፍል ተጨማሪ ቺፕ አለባቸው። አንድ ዲስክ ሲታመም በዚያው ቺፕ ሥር ያሉት ጤነኞች አብረው ከሥርዓቱ የሚጠፉበት አጋጣሚ ይኖራል፤ ያን ጊዜ ዜድኤፍኤስ የትኛው እንደሞተ መለየት ይቸግረዋል።

ስለ ሁለተኛው ካርድ ክፉ የምናገረው የለኝም። ኤኤስኤም1166 በሦስተኛው ትውልድ ሁለት ሌን ስለሚገናኝ ለስድስት ሃርድ ዲስክ የሚበቃ መንገድ አለው፤ ኤሌክትሪክ የሚጠቀመው ጥቂት ነው፣ ብዙም አይሞቅም፣ ሊኑክስም ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ያውቀዋል። ጥያቄዎ በአራት ዲስክ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ ያለ ማመንታት እርሱን እመክርዎ ነበር። ነገር ግን አራቱ ላይ ሦስት ሲጨመሩ ሰባት ይሆናሉ፤ ካርዱ ደግሞ ስድስት ወደብ ብቻ ነው ያለው።

9207-8አይ ስምንት ዲስክ ይቀበላል፤ ሳስ2308 የተባለው ቺፑም በሦስተኛው ትውልድ ስምንት ሌን ይገናኛል። ትልቁ ስሎትዎ በርዝመቱ ሙሉ ሆኖ በውስጡ አራት ሌን ብቻ ያለው ቢሆን እንኳ አይጨነቁ፤ አራት ሌን በሰከንድ ወደ 3,900 ሜጋባይት ሲያሳልፍ፣ ስምንት ሃርድ ዲስክ ተጋግዞ ከ2,000 ብዙም አይዘልም። እርሱ ከጠፋ ቀዳሚውን 9211-8አይን፣ ወይም እንደ እርሱ በሳስ2008 ቺፕ የተሠሩትን አይቢኤም ኤም1015ንና ዴል ፐርክ ኤች310ን ማየት ይችላሉ። ሁለቱ የኋለኞቹ ግን በሬይድ ፈርምዌር (በካርዱ ውስጥ በተጫነ ሶፍትዌር) ስለሚመጡ ዲስኩን እንዳለ ወደሚያስረክበው «አይቲ ሞድ» መለወጥ አለባቸው። ለውጡ ለጀማሪ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ተለውጦ ያለቀለትን ይፈልጉ እንጂ ሥራውን በራስዎ ካርድ ላይ አይማሩት። ካርዱ ላይ ኤልኤስአይ፣ አቫጎ ወይም ብሮድኮም ተጽፎ ቢያገኙ ግር አይበልዎ፤ ኤልኤስአይን በ2014 እ.ኤ.አ. አቫጎ ገዛው፣ አቫጎም በ2016 እ.ኤ.አ. ብሮድኮምን ገዝቶ ስሙን ወረሰ። ከዚህ በጣም የቆየውን፣ በ1068 ቺፕ የተሠራውን ግን በነጻ ቢሰጥዎትም አይቀበሉ፤ ከ2 ቴራባይት በላይ የሆነ ዲስክ በሙሉ መጠኑ አያይምና የእርስዎን ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች ግማሽ ያስቀርብዎታል።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ካርዱ ሻጩ ፊት ይሞከር። አንድ የራስዎን ዲስክና ሊኑክስ የተጫነበት ፍላሽ ይዘው ይሂዱ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲስኩ በራሱ የሞዴል ስምና በራሱ መለያ ቁጥር መታየት አለበት፤ የጤና መረጃውም መነበብ አለበት። በምትኩ አንድ የማያውቁት የካርድ ስም ብቻ ከታየ ያ ካርድ ገና በሬይድ ፈርምዌር ላይ ነው ማለት ነው። የፈርምዌሩን ቁጥርም ይመልከቱ፤ ለሳስ2008ና ለሳስ2308 የሚመረጠው 20.00.07.00 ነው። የ20ኛው እትም የመጀመሪያ ቅጂዎች ችግር ስለነበረባቸው መጨረሻ ላይ ያለችው 07 ዋጋ አላት።

ካርዱ ደህና ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው የሚቸገርባቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም ሙቀት፣ ኤሌክትሪክና ኬብል ናቸው። ይህ ካርድ የተሠራው ኃይለኛ ፋን ሳያቋርጥ ለሚነፍስበት የሰርቨር ሣጥን ነው። በቢሮ ኮምፒውተር ጸጥታ ውስጥ ሲገባ ወደ አሥር ዋት የሚጠጋ ሙቀቱን የሚወስድለት አያገኝም። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየራችን በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል። ከተማችን ቀዝቃዛ ናት ብለው ይህንን ችላ አይበሉት። በካርዱ ሂት ሲንክ (ሙቀት ማስወጫ ብረት) ላይ 4 ሴንቲሜትር ስፋት ያላት ትንሽ ፋን ያሳስሩ፤ በየጥቂት ወራቱም አቧራውን ያስጠርጉ። ከመጠን በላይ የሞቀ ካርድ ሲሳሳት ስሕተቱ የዲስክ ሕመም ይመስላል፤ ሰውም ጤነኛ ዲስክ አውጥቶ ይጥላል።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ፣ አንድ ትልቅ ሃርድ ዲስክ መሽከርከር ሲጀምር ከ12 ቮልቱ መስመር ለጥቂት ሰከንድ 2 አምፔር ያህል ይስባል፤ ይህም 24 ዋት ነው። ስምንቱ በአንድ ጊዜ ሲነሱ ለእነርሱ ብቻ 200 ዋት ገደማ ያስፈልጋል። የብዙ ቢሮ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ ግን 240 ወይም 300 ዋት ነው። ስለዚህ የፓወር ሰፕላዩን ጎን ያንብቡ፤ በተለይ የ12 ቮልቱ መስመር ስንት አምፔር እንደሚችል ይመልከቱ፤ ካነሰም ከዲስኮቹ በፊት እርሱን ይለውጡ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ወዲያው በራሱ እንዳይነሳ በባዮስ (በኮምፒውተሩ የመነሻ ቅንብር) ውስጥ መዝጋት ይበጃል፤ መብራት በተመለሰባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ኮረንቲው ከፍ ዝቅ ማለቱን የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ የለም። ዩፒኤስ ካለዎት በዩኤስቢ ከሰርቨሩ ጋር ያገናኙትና ባትሪው ሳያልቅ ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲያጠፋው ያድርጉ።

የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ገመዱንም በጥንቃቄ ይምረጡ። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ አንዱን መስመር ለአራት ዲስክ የሚያካፍል ርካሽ ገመድ ገዝቼ ሳበቃ፣ አንድ ሌሊት ቤቱን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሞላው። ተነሥቼ ስከፍተው የአንዱ መሰኪያ ጫፍ ቀልጦ ከዲስኩ ጋር ተጣብቆ ነበር፤ ያ ዲስክም አልዳነም። የዚያ ገመድ መሰኪያ ሽቦዎቹ ላይ ፕላስቲክ ቀልጦ ፈስሶ በአንድነት የተደፈነ ነበር፤ እንዲህ ባለው መሰኪያ ውስጥ ሽቦዎቹ ተጠጋግተው ሊነካኩ ይችላሉ። ሽቦዎቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ተነክሰው የተያዙበትን መሰኪያ ይፈልጉ፤ በአንድ ገመድ ላይም ብዙ ዲስክ አይደርድሩ። እባክዎ በዚህ ላይ ገንዘብ አይቆጥቡ።

የመረጃ ኬብሉ ከካርዱ በኩል ኤስኤፍኤፍ-8087 የሚባል አንድ ሰፊ መሰኪያ፣ ከዲስክ በኩል ደግሞ አራት የሳታ ጫፍ ያለው ነው። ለስምንት ዲስክ ሁለት ያስፈልግዎታል። ሲገዙ «ከካርድ ወደ ዲስክ» የሚሄደውን ይጠይቁ፤ በመልክ ቁርጥ እርሱን የሚመስል፣ ግን ከማዘርቦርድ የሳታ ወደቦች ወደ ሰርቨር የዲስክ ማቀፊያ የሚሄድ ተቃራኒ ኬብል አለ። ያኛው ከተሰካ ምንም ነገር አይቃጠልም፣ ዲስክም አይታይም፤ ካርዱ የተበላሸ መስሎት የመለሰ ሰው አውቃለሁ።

ካርዱ ከገባ በኋላ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበውን አንድ ነገር እንዲያደርጉ እለምንዎታለሁ። አራቱን አሮጌ ዲስኮች በማዘርቦርዱ፣ አራቱን አዳዲሶች በካርዱ ላይ ብቻ አያድርጉ። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ በማዘርቦርዱ ወደብ፣ ሌላው በካርዱ ላይ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ካርዱ አንድ ቀን ቢሞት ከየጥንዱ አንድ አንድ ዲስክ በሥራ ላይ ይቀራል፤ ሰርቨሩም ሳይቆም እርስዎ ሌላ ካርድ ይፈልጋሉ። ዜድኤፍኤስ ዲስኩን የሚያውቀው በላዩ ላይ በጻፈው ምልክት ስለሆነ ወደቡን መቀያየር አያሳስበውም፤ ብቻ ሰርቨሩን አጥፍተው ይሥሩት። የእያንዳንዱን ዲስክ መለያ ቁጥርም በወረቀት ጽፈው ከፊት ለፊቱ ይለጥፉ፤ ዲስክ በሞተ ቀን በጨለማ ውስጥ ደህናውን ነቅለው እንዳያወጡ። ጥንድ ዲስክ እሳትንም ሌባንም በስሕተት መሰረዝንም አይመልስምና የኔጋቲቮቹ ሌላ ቅጂ ከቤትዎ ውጭ፣ በዘመድ ቤት ባለ አንድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ።

ጥያቄ

መሥሪያ ቤታችን ሰርቨሩን ሲያድስ ስድስት ያገለገሉ፣ ሳስ የሚባሉ የሰርቨር ሃርድ ዲስኮች በሕጋዊ ሽያጭ ገዛሁ። የቤቴ ኮምፒውተር የሳታ ኬብል ግን አልገባ አለኝ። በፋይል ሞርጄ ላስገባው ወይስ ማገናኛ ልግዛ?

ከካዛንቺስ

መልስ

በፍጹም እንዳይሞርዱት። የሳስ ካርድ የሳታ ዲስክን ይቀበላል፣ የሳታ ወደብ ግን የሳስ ዲስክን ማናገር አይችልም፤ መሰኪያው መሃል ላይ የተደፈነው ይህ እንዳይሞከር ተብሎ ነው። በሳስና በሳታ መሃል የምትገባ ትንሽ ማገናኛም ቅርጹን እንጂ ቋንቋውን አትለውጥም። ለአራት ኪሎው ጠያቂ የመከርሁት ዓይነት ካርድ ያስፈልግዎታል፤ ኬብሉም ጫፉ ኤስኤፍኤፍ-8482 የሆነ፣ ኤሌክትሪኩን አብሮ የሚሰካ ይሁን።

ዲስኮቹ ከታዩ በኋላ መጠናቸው ዜሮ ሆኖ ቢያገኙት አይደንግጡ። አንዳንድ የሰርቨር ዲስኮች እያንዳንዱን ክፍል በ512 ሳይሆን በ520 ባይት ስለሚያዘጋጁ ሊኑክስ አይጠቀምባቸውም፤ ኤስጂ ፎርማት በተባለው የሊኑክስ ትእዛዝ ወደ 512 ይመለሳሉ። ሥራው ለአንድ ዲስክ ብዙ ሰዓታት ስለሚፈጅና መሃል ላይ መብራት ከሄደ ከመጀመሪያው መድገም ስለሚያስፈልግ፣ በዩፒኤስ ላይ አድርገው አንድ በአንድ ይሥሩት። በዲስኩ ላይ የነበረው የመሥሪያ ቤቱ መረጃም በዚሁ ይጠፋል፤ ስለዚህ የሚፈልጉት ፋይል አለመቅረቱን ከመሥሪያ ቤቱ አስቀድመው ያረጋግጡ።