ሱፍ ልያዝ ወይስ ይቅር? ወደ ባሕር ዳር ለሚመጡ ተማሪዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ስልኬ ላይ የሚገባው ጥያቄ ሁሉ ስለ ልብስ ሆኗል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተመደቡ ልጆች ሻንጣ እያዘጋጁ ነው። የጂሲ (የተመራቂ ተማሪዎች) ፎቶ አይተው ሁሉም የክት ልብስ አምሯቸዋል። አልፈርድም፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ፖሊ፣ የዩኒቨርሲቲው የኢንጂነሪንግ ግቢ፣ አምስት ዓመት ተምሬ ከወጣሁ በኋላ እዚሁ ከተማ ቀረሁ። በየዓመቱ ለሚመረቅ ዘመድ ሱፍ ሳስለካ፣ ቀሚስ ሳስተኩስ እከርማለሁ። እህቴ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት። የማላውቀውን እሷን እየጠየቅሁ ነው የምመልሰው።

አንደኛ ዓመት ነኝ፤ ከፍኖተ ሰላም እመጣለሁ። ሱፍ ይዤ ልምጣ?

አትያዝ። የፍሬሽማን ፕሮግራም (ዲፓርትመንት ከመያዝ በፊት ያለው የጋራ ትምህርት) በ2012 ከተመለሰ ወዲህ አብዛኛው ዲፓርትመንት አራት ዓመት ነው። ኢንጂነሪንግ አምስት ነው፤ ሕክምና ከዚያም ይረዝማል። ሱፍ የምር የሚፈለገው መጨረሻው ዓመት ላይ ነው። እስከዚያ ወይ ሱፉ ያረጃል፣ ወይ አንተ ትወፍራለህ፣ ወይ ትከሻህ ይሰፋል።

የራሴን ልንገርህ። አባቴ ገና ስገባ ጥቁር ሱፍ ገዝቶ አስያዘኝ። እንዳይቆሽሽ ብዬ በናይለን ጠቅልዬ ሎከር ውስጥ ከተትኩት። የሐይቅ ዳር ክረምት ደግሞ እርጥብ ነው። ናይለኑ እርጥበቱን አፍኖ ያዘው። አምስተኛ ዓመት ላይ ለዲፌንስ፣ የመመረቂያ ሥራዬን ለማቅረብ፣ ስከፍተው ኮቱ ላይ ነጭ ሻጋታ አብቅሏል። ሱሪውም አልዘጋ አለኝ። ፎቅ ላይ ከነበረ ልጅ ሱፍ ተውሼ ቀረብኩ፤ እጅጌው መዳፌን ይሸፍን ነበር። ሰሌዳው ላይ በጠቆምኩ ቁጥር ጣቴ አይታይም። አባቴ ይህን እስከ ዛሬ አያውቅም።

ታዲያ ምንም የክት ልብስ አልያዝም ማለት ነው?

አንድ ቅያሬ ያዝ። ጂንስ ያልሆነ ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ የቆዳ ጫማ። ሴት ከሆንሽ ባለ አንድ ቀለም፣ ከጉልበት ወረድ ያለ ቀሚስና ዝቅ ያለ ጫማ ይበቃሻል። ነጠላ ጨምሪበት። ለፕረዘንቴሽንም፣ ለበዓልም፣ የጓደኛ እህት ስታገባም ይህ ያወጣችኋል። የዶርም ሎከር ከዚህ በላይ አይችልም።

ደግሞ ከሱፍ በፊት አጎበር ያዙ። ባሕር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ወባ አለ።

የሕግ ተማሪ ነኝ። ለእኛም መጨረሻው ዓመት ድረስ አያስፈልግም?

ለእናንተ ይለያል። ሙት ኮርት (የልምምድ ችሎት ውድድር) ውስጥ ከገባህ ቀደም ብለህ ሱፍ ትፈልጋለህ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ግዛ፤ አካልህም ያኔ ረግቷል።

ልጄ ዘንድሮ ተመራቂ ነው። ሱፉን እዚህ ደብረ ታቦር ልግዛለት ወይስ እሱ እዚያ ይግዛ? (እናት ናቸው)

እማማ፣ ገንዘቡን ይላኩለት፤ ልብሱን ግን ራሱ ለክቶ ይግዛ። የሱፍ ነገር ትከሻ ነው። ወገብ ይጠባል፣ እጅጌ ያጥራል፣ ሱሪ ይቆረጣል። ትከሻ ግን ልክ ካልሆነ ልብሱን ፈቶ እንደገና መስፋት ነው። እህቴ እንዲህ ያለ ሱፍ ይዞ የሚመጣባትን ደንበኛ ገና ከበር ስታየው ፊቷ ይጠቁራል።

ልጅዎ ሲለካው እንዲህ ያድርግ። የትከሻው ስፌት የትከሻ አጥንቱ የሚያልቅበት ላይ ማረፍ አለበት። ወደ ክንዱ ከወረደ ትልቅ ነው። ቆልፎት ቁልፉ ዙሪያ ጨርቁ ከተወጠረ ጠባብ ነው። ከዚያ ቁጭ ይበልበት፣ እጁን ያንሳ፣ ሰው ይቀፍ። ምርቃት ላይ ከመተቃቀፍ ሌላ ምን ሥራ አለ?

ቀለሙን ጥቁር ሰማያዊ ቢያደርገው ደስ ይለኛል። ጥቁር ለማታ ያምራል፤ በቀን ግን አቧራውን ሁሉ ያጋልጣል። ሰማያዊው ለምርቃትም፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅም፣ ለሠርግም ይሆናል። ጨርቁን በእጁ ጨብጦ ይልቀቀው፤ እንደተጨማደደ ከቀረ ይተወው። ገበሩንም ይይ። ሙሉ ገበር ያለው ፖሊስተር ሱፍ በባሕር ዳር የሚያዝያ ፀሐይ ሰው ይቀቅላል።

እርስዎ ከረባቱን ይግዙለት። ከረባት ልክ አይፈልግም።

ከጋዋን ሥር የለበስኩትን ማን ያየዋል?

አንገትጌህን፣ ከረባትህን፣ የሱሪህን ጫፍና ጫማህን ሁሉም ያየዋል። ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ፎቶ ላይ ያለው ይኸው ነው። ስለዚህ ገንዘብህን ጫማና ሸሚዝ ላይ አውጣ። ጋዋኑ ጥቁር ስለሆነ ሙቀት ይስባል። ኮቱን ለታናሽ ወንድምህ አስይዘው፤ ጋዋኑን ስታወልቅ ትደርበዋለህ።

ወሩ ደግሞ ወሳኝ ነው። ድሮ ምርቃት ሲባል ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ነበር። በ2012 ኮሮና ካላንደሩን ካዛባው ወዲህ ወዲያና ወዲህ ይላል። ቀኑ ሳይለጠፍ ልብስ አትግዙ። ሐምሌ ላይ ከሆነ ዝናብ አለ፣ ጃንጥላ የያዘ ዘመድ ያስፈልጋል። መጋቢት ወይም ሚያዝያ ከሆነ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ይደርሳል፤ ያኔ ሳሳ ያለ ጨርቅ ነው።

ከሞጣ ነኝ። ለምርቃቴ የሀበሻ ቀሚስ ላሠራ ነው። ፈትል ይሻላል ወይስ ሽፎን?

እህቴ ይህን ጥያቄ ስትሰማ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ስለዚህ ረዘም ይላል።

ልጅሽ እስክትለብሰው የሚቆይ ልብስ ከፈለግሽ ፈትል ነው። ግን ይከብዳል፤ ከጋዋን ሥር ደግሞ ወገብሽን ያወፍረዋል። መነን ቀለል ይላል፣ ወግም አለው። ሽፎን ቶሎ ይደርቃል፣ አይጨማደድም፣ ለማታ ጭፈራም ይመቻል፤ እናትሽ ፊት ግን "ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" መባሉ አይቀርም። እህቴ የምትለው መነን ነው፤ ጥበቡን ከታች ጠርዙ ላይ ሰፋ አድርገሽ። ከጋዋኑ ሥር ብቅ የሚለው እሱ ነው።

ሸማኔ አይጣደፍም። ቢያንስ ሁለት ወር ቀድመሽ እዘዢ። ፈትል ከሆነ ጨርቁ ሳይሰፋ ቀዝቃዛ ውኃ ይንካው፤ ጥጥ ነውና ይሰበሰባል። ከተሰፋ በኋላ ከተሰበሰበ ቁርጭምጭሚትሽ ላይ የነበረው ቀሚስ ባትሽ ላይ ይወጣል። ርዝመቱን የምትለኪው ያን ቀን የምታደርጊውን ጫማ አድርገሽ ነው። ክረምት ከሆነ ከመሬት አራት ጣት ያህል ከፍ ይበል፤ ባጃጅ የሚረጨው ጭቃ ነጭ ልብስ አይምርም።

ስታጥቢው በረኪና ጥበቡን እንዳይነካው። ስትተኩሺ ገልብጠሽ፣ ላዩ ላይ ስስ ጨርቅ ጣል አድርገሽ። ስታስቀምጪውም በናይለን ሳይሆን በአሮጌ አንሶላ ጠቅልይው። የእኔን ሻጋታ አስታውሺ።

ለመስፊያ ሰው ካጣሽ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ራሱ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። ባሕር ዳር እኮ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ፋሽን የምትማር የዶርም ጓደኛ ካለችሽ ሳትጠይቂያት አትለፊ። ጥሩ ቡና አፍልተሽ መሆን አለበት።

ሒጃብ እለብሳለሁ። የምርቃቱ ቆብ ይቀመጥልኛል?

ይቀመጣል፤ ሒጃብሽ ስስ ጥጥ ከሆነ። የሚያንሸራትት ጨርቅ ከሆነ ግን ቆቡን ቀኑን ሙሉ በእጅሽ ይዘሽ ትውያለሽ። መርፌ ቁልፍ በብዛት ያዢ። ሹሩባ ለሚሠሩትም ያው ነው፤ ቆቡን እቤት ሳትሞክሩ ወፍራም ሹሩባ አትሠሩ።

ሂል ጫማ ይዤ ልምጣ?

የት ልትቆሚበት? ሜዳ ላይ ከሆነ ተረከዙ ሣሩ ውስጥ ይሰምጣል። ፎቶ ለመነሣት ሐይቅ ዳር ስትወርዱ ድንጋይ ነው። ጀልባ ላይ ደግሞ እግዜር ይሁንሽ። ወፍራም ተረከዝ ያለው አጠር ያለ ጫማ ያዢ፤ ቦርሳሽ ውስጥም ነጠላ ጫማ አይጥፋ።

የዲፓርትመንታችን ልጆች ለእራቱ ግብዣ ሁላችንም አንድ ቀለም እንልበስ አሉ። እኔ ቀድሜ ቀይ ገዝቻለሁ። ምን ይሻላል?

ኮሚቴ ሳይወስን ልብስ አይገዛም! እኛ ጊዜ ኮሚቴው ቀለሙን ሦስት ጊዜ ቀይሯል። ሦስተኛው ላይ ግማሹ ክፍል በጀት ጨርሶ ነበር። ቀዩን ለፎቶ ቀን አቆይው። ለእራቱ ከክፍልሽ ልጆች ጋር አንድ ጣቃ ጨርቅ ገዝታችሁ አንድ ቦታ አሰፉ፤ ጨርቁ አንድ ይሁን እንጂ ቅዱ እንደየሰውነታችሁ ይለያይ። ሁሉንም ሴት በአንድ ቅድ ማልበስ ጭካኔ ነው።

ግብዣው ሐይቅ ዳር ከሆነ ሲመሽ መብራቱን ተከትሎ ትንኝ ይግተለተላል። ነፋሱም ይበርዳል። እጅጌ የሌለው ልብስ ከለበስሽ የምትደርቢው ነገር ያዢ።

የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ለማስተርስ እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ልሄድ ነው። ትልልቅ የጭፈራ ግብዣዎች አሉ፣ የልብሱ ሕግም ጥብቅ ነው ይላሉ። ከዚህ ምን ልያዝ?

እንኳን ደስ ያለህ! ይህን ጥያቄ አልጠበቅሁም ነበር፤ ግን እዚያ የተማረ ወዳጅ አለኝ።

ግብዣው ሜይ ቦል ይባላል። ስሙ የግንቦት ይምሰል እንጂ የሚደረገው ሰኔ ላይ ነው። ድሮ ከፈተና በፊት በሜይ ይደረግ ነበር፤ በኋላ ከፈተና ማግስት ሆነ፣ ስሙ ግን ቀረ። አብዛኛው ግብዣ ላይ የሚጠየቀው "ብላክ ታይ" ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ጥቁር ከረባት ማለት አይደለም። የአንገትጌው መታጠፊያ በሚያብለጨልጭ ጨርቅ የተሠራ ጥቁር የእራት ኮት፣ ነጭ ሸሚዝና የቢራቢሮ ቅርጽ ያላት ጥቁር ከረባት ማለት ነው። ጥቂት ግብዣዎች ደግሞ "ዋይት ታይ" ይላሉ። ያ ከኋላው ጭራ ያለው ኮት፣ ነጭ ሰደርያና ነጭ ቢራቢሮ ከረባት ነው። የትኛው እንደሆነ ትኬቱ ላይ ይጻፋል።

ስለዚህ እዚህ ባሰፋኸው ተራ ሱፍ ይሆናል ብለህ አትሂድ። ኮቱን እዚያው ትከራያለህ፣ ወይ ከበጎ አድራጎት ሱቆች ያገለገለ ትገዛለህ። ግን ሌላ መንገድም አለ። ብዙ ጊዜ የአገር ባህል ልብስ በእነዚህ ምትክ ይፈቀዳል። ነጭ እጀ ጠባብ ከነሱሪው አሠርተህ፣ ጥበብ ያለው ሸማ ደርበህ ብትገባ ከሁሉ ጎልተህ ትታያለህ። አዘጋጆቹን በኢሜይል ቀድመህ ጠይቅ እንጂ በር ላይ አትከራከር።

ግብዣው ሌሊቱን ሙሉ ነው። ሲነጋ እስከ መጨረሻው የቆዩት ተሰብስበው ፎቶ ይነሣሉ። የእንግሊዝ የሰኔ ሌሊት ደግሞ ይበርዳል። ጋቢ ያዝ፤ ወዳጄ ንጋት ላይ ጋቢውን ከሦስት ሰው ጋር ተጋርቶታል።

ዶርም ውስጥ ካውያ ባይኖርስ? መብራትስ ቢጠፋ?

ፍራሽ ሥር። ሱሪውን መስመሩን ይዘህ እጠፍ፣ መስመሩን በእርጥብ ጨርቅ ዳበስ አድርግ፣ ካርቶን ላይ ዘርግተህ ፍራሽ ሥር ክተትና ተኛበት። ጠዋት የላውንደሪ ሱሪ ይመስላል። ማታ ላይ የሚገላበጥ ሰው ግን አይሆንለትም። ኮቱን ለላውንደሪ ስጥ፤ ከምርቃቱ ሦስት ቀን በፊት። ዋዜማው ላይ ሰልፉ አያደርስም።

ተመራቂዎች ቀለም ለሚረጫጩበት ለከለር ዴይስ ምን ልልበስ?

የምትጥለውን ቲሸርት።